ኦቴሎን ማን ሰቀለው?

ይህ ጽሑፍ የክስ ጽሑፍ ነው። ተከሳሹ አንድ ግለሰብ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ እገላገለው ነበር። ተከሳሹ ግን ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ መጥሪያ ቢላክለት አይቀርብም፤ ቢቀርብም «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» ይላል።

ልማዱን አንባቢም ሳያየው አይቀርም። ከመቶና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ለታላላቅ ተውኔቶች መጻሕፍት ተብለው የተሠሩ ሥዕሎች ከኢንተርኔት ይወርዳሉ፤ ዙሪያቸው ይከረከማል፤ መዝጊያ እስኪያክሉ ይለጠጣሉ፤ በካንቫስ ወይም በወፍራም ወረቀት ይታተማሉ፤ ወርቅ ቅብ ፍሬም ይለብሱና ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ዋጋ ተጠይቆ ሲነገር የሚወደደው ፍሬሙ ነው። ሥዕሉ ምርቃት ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣሁ ሐምሌትን ራስ ቅል ይዞ አይቼዋለሁ፤ ከጎኑ የዕለቱ የጾም ምግብ ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ጎንደር ከተማ ውስጥም አንድ ሁለት ቦታ ገጥሞኛል። ይሁን ብዬ አልፌ ነበር። ኮሶዬ ላይ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ኮሶዬን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ምድር በድንገት የምታልቅበት ቦታ ነው። ከገደሉ አፋፍ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ደመናው ከእግር በታች ነው፤ ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣሩን ይነጫል፤ ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ተራራ በተራራ ላይ እየደራረበ እስከ ዓይን ዳርቻ ይዘረጋል። እዚያ አፋፍ ላይ ካሉ የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዱ አደርሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ደግሞም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የምግብ ክፍሉ አንድ ወገን ሙሉ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት ትላልቅ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ሦስቱም ከሼክስፒር «ኦቴሎ» ናቸው። መካከለኛው ላይ ሻሽ የጠመጠመ፣ ጎራዴ የታጠቀ ሰው መብራት ይዞ በተኛች ሴት ራስጌ ቆሟል። ስም የለው፣ ዓመት የለው፣ ስንኝ የለው። ከታች በኩል መቀስ እንደ ዳኛ ፈርዶበታል።

የቤቱ የሌሊት ጥበቃ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አዛውንት ናቸው። ሲመሽ ምድጃ ዳር አብረን ተቀመጥንና «አባባ፣ ይኼ ሥዕል ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

«ድርቡሽ ነዋ!» አሉኝ ሳያመነቱ። «ጎንደርን ያቃጠላት ጊዜ። ሴትዮዋን ሊያርዳት ነው።»

ለምን ይሳቃል? ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠሉን የሚያውቅ አገር ሰው፣ ጥምጥምና ጎራዴ ያየ እንደሆነ ሌላ ማንን ይጥራ? እንዲያውም እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥለው የተናገሩት ነው። መብራቱን ወደ ግድግዳው ከፍ አድርገው ትንሽ ተመለከቱና፦ «ግን ልጄ፣ ይኼ ድርቡሽ ያለቅሳል እኮ። ሊገድል የመጣ ሰው ለምን ያለቅሳል?» አሉኝ።

እነሆ የተውኔቱ ጥያቄ! ስለዚህ ጥያቄ ሊቃውንት ስንት መጽሐፍ ጽፈውበታል። አዛውንቱ መድረክ አላዩ፣ መጽሐፉን አላነበቡ፤ ሥዕሉን ብቻ አንብበው ደረሱበት። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኋቸው። የመሐረቡ ጉዳይ ላይ ስደርስ «በመሐረብ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ስጨርስ ደግሞ «ታዲያ መሰቀል የነበረበት ያ ነገር ሠሪው ነው፤ ይኼ ምስኪን ለምን ተሰቀለ?» አሉ። ለዚህ ጽሑፍ ርእስ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ባለቤቱን ሥዕሎቹን ከየት እንዳመጣቸው ጠየቅሁት። አዲስ አበባ በሦስት በሦስት ተደርገው ይሸጣሉ አለኝ። «የድሮ አውሮፓ» ነው የሚሏቸው። ሻጩም ገዢውም ከአንድ ተውኔት መውጣታቸውን አያውቁም። እንግዲህ ክሴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

እንዲህ ዓይነት ሥዕል በተወለደበት መጽሐፍ ውስጥ ብቻውን ቆሞ አያውቅም። በቀድሞው የመዳብና የብረት ህትመት ልማድ ከሥዕሉ ሥር በስተግራ ጥግ የነዳፊው ስም፣ በስተቀኝ ጥግ የቀራጩ ስም በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። ለየሥራቸው የላቲን ምሕጻረ ቃል ነበራቸው፤ አንዱ «ነደፈው»፣ ሌላው «ቀረጸው» እንደ ማለት ነው። በመካከል የተውኔቱ ስም፣ ገቢሩና ትዕይንቱ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ሥዕሉ የወጣበት ስንኝ ከሥር ይገባል። ይህን ሁሉ የያዘው የወረቀት ዳርቻ ዛሬ «ለዓይን አይመችም» ተብሎ የሚከረከመው ነው። ስሙ የተቆረጠ ሠዓሊ ብቻ አይደለም የተጎዳው። ስንኙ የተቆረጠበት ሥዕል ንግግሩ ተቋርጦ አፉን እንደከፈተ የቀረ ተዋናይ ነው።

የተውኔት ሥዕል አትሞ መሸጥ ራሱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የለንደኑ አሳታሚ ጆን ቦይደል እ.ኤ.አ. በ1789 የሼክስፒር የሥዕል ማሳያ ከፍቶ፣ በዘመኑ ስም ያላቸውን ሠዓሊዎች ከየተውኔቱ ትዕይንት እያሣለ፣ ሥዕሎቹን በህትመት ለማባዛት ተነስቶ ነበር። ከሰረ። ማሳያው እ.ኤ.አ. በ1805 በሎተሪ ወጣ። ነጋዴ ነበር፤ ትርፍ ፈልጎ ነበር። ቢሆንም ህትመቶቹ ላይ ተውኔቱን፣ ገቢሩንና ትዕይንቱን ጽፎ ነው የሸጠ። የእኛ ነጋዴ ከእሱ የበለጠ ምን አስቸኮለው?

«ጌጥ ነው፤ ለምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ላካብድ። የመጽሐፍ ሥዕል ጌጥ ሆኖ አልተሠራም። ሠዓሊው ከአዘጋጁና ከተዋናዩ ጋር የሚሰለፍ ሦስተኛ ተርጓሚ ነው። ደላክሯ የጎተን «ፋውስት» በ17 የድንጋይ ህትመቶች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1828 ሲያወጣ፣ ቀደም ብሎ አንዳንዶቹን ያየው ሽማግሌው ጎተ ራሱ እንኳ ትዕይንቶቹን እንዲህ አድርጎ እንዳላሰባቸው መስክሯል። ደራሲው ከሠዓሊው ተማረ ማለት ነው። ይኸው ደላክሯ «ሐምሌት»ን ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1843 በራሱ ወጪ 13ቱን አሳተመ። ለልዑሉ ሞዴል አድርጎ ያቆመው ሴት ነበር። ለምን? ሐምሌትን እንዲያ አድርጎ ስላነበበው ነዋ! ያ ማኪያቶ ቤት ውስጥ የተሰቀለውን የሚያይ ሰው ይህን ከየት ይወቀው?

ወደ ኦቴሎ ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ከተውኔቱ ሥዕሎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ቴዎዶር ሻሴሪዮ እ.ኤ.አ. በ1844 ፓሪስ ላይ የሠራቸውን 15 የመዳብ ህትመቶች ነው። ሻሴሪዮ የተወለደው ካሪቢያን ባሕር ውስጥ፣ ዛሬ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በምትባለው ምድር ነው፤ በሕፃንነቱ ፓሪስ ገብቶ በ37 ዓመቱ ሞተ። «ሙር»ን ሲስል ሰሜን አፍሪካን በዓይኑ አላየም ነበር። አልጄሪያን ያየው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1846 ነው። ስለዚህ በእነዚያ 15 ሥዕሎች ላይ ያለው አፍሪካዊ የቲያትር ቤትና የምናብ አፍሪካዊ ነው። ይህ ሥዕሎቹን አያሳንሳቸውም፤ ነገር ግን ማወቅ አለብን። ዓመተ ምሕረቱ ሲቆረጥ ይህ እውቀት አብሮ ይቆረጣል።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ የከረረ ነበር። ኤድመንድ ኪን የሚባለው ታላቅ ተዋናይ እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ ኦቴሎን ሲጫወት ፊቱን ጥቁር መቀባቱን ትቶ ጠየም አደረገው። ባለቅኔው ኮለሪጅ ኦቴሎ ጥቁር ሊሆን አይገባም ብሎ ተከራከረ። የተከበረ ጀኔራል፣ የሚወደድ ባል፣ እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው እንዴት ጥቁር ይሆናል ነው ነገሩ። በ1833 ኪን ኮቨንት ጋርደን መድረክ ላይ ኦቴሎን እየተጫወተ ሳለ ታሞ ወደቀ። በሚቀጥለው ወር በዚያው መድረክ ኒው ዮርክ የተወለደው ጥቁር ተዋናይ አይራ ኦልድሪጅ ቆመ። የለንደን ጋዜጦች ተረባረቡበት፤ ከሁለት ምሽት በላይ አልተጫወተም። ኦልድሪጅ ከዚያ በኋላ አውሮፓን ዞሮ ዝናውን ያገኘ ሰው ነው፤ ለንደን ግን ያኔ ቅቡን እንጂ ቆዳውን አልፈለገችም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የተሠሩትን የኦቴሎ ሥዕሎች በዚህ ዓይን እንያቸው። ጥምጥሙ፣ ጎራዴው፣ ሰፊው ሱሪ፣ ከነጩ ጥቂት ብቻ ጠቆር ያለው ፊት። ልብሱ እስኪበቃ ምሥራቃዊ ይደረግና ፊቱ አፍሪካዊ ከመሆን ያመልጣል። የኮሶዬ አዛውንት ድርቡሽ ነው ቢሉ በሠዓሊው ስህተት እንጂ በእሳቸው አይደለም። እንግሊዙ የሣለው የምሥራቅ ሰው ነዋ! እኔን የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። ኦቴሎን ጥቁር አድርጎ ላለመሣል የተደረገ ማምለጫ፣ መቶ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ ዓመቱና ስሙ ተቆርጦለት፣ ጥቁር ሕዝብ ግድግዳ ላይ «የድሮ አውሮፓ» ተብሎ ይሰቀላል። በነፃ የተገኘ ነው ይሉኛል። ስድብ መቼ በገንዘብ ተሸጦ ያውቃል?

ሥዕሎቹ ይውረዱ ማለቴ እንዳይመስል። ይሰቀሉ! ዳርቻቸው ሳይቆረጥ፣ ከነስማቸው፣ ከነዓመታቸው፣ ከነስንኛቸው ይሰቀሉ። እንደዚያ የተሰቀለ ሥዕል ምስክር ነው፤ «በዚህ ዓመት፣ በዚህ አገር፣ ይህ ሰው ኦቴሎን እንዲህ አየው» ይላል። ስሙ የተቆረጠው ግን «ኦቴሎ ይህ ነው» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንዱ አስተያየት ነው፣ ሌላው አዋጅ።

ነገሩ ከሼክስፒር አልፎ ቤታችን ድረስ እንደሚገባ ላሳይ። እ.ኤ.አ. ከ1858 እስከ 1860 ራውትሌጅ የተባለው አሳታሚ የሼክስፒርን ተውኔቶች በሦስት ቅጽ አወጣ። አራሚው ሃዋርድ ስቶንተን ነው። (የቼዝ ወዳጆች ያውቁታል፤ ዛሬም በየውድድሩ የሚሰለፉት የቼዝ ጠጠሮች በስሙ ይጠራሉ።) ሠዓሊው ጆን ጊልበርት፣ ቀራጮቹ ዳልዚየል ወንድማማቾች ነበሩ። ከ800 በላይ ሥዕል አለው። ዛሬ እየተከረከሙ ከሚሸጡት የሼክስፒር ሥዕሎች ብዙዎቹ ከዚህ መጽሐፍ የወጡ ናቸው። ይኸው ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1842 ከተመሠረተው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ከሚባለው ባለሥዕል ጋዜጣ ጋር ከመጀመሪያው አንስቶ ለረጅም ዓመታት የሠራ ሰው ነው።

ይህ ጋዜጣ እኛን ያውቀናል። እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ሲምፕሰን የሚባል ሠዓሊውን ላከ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ሠዓሊው በሜዳ የነደፈውን በፖስታ ለንደን ይልካል። እዚያ ሌሎች እጆች ንድፉን በጠንካራ እንጨት ላይ ይገለብጡታል። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ እንጨቱ የብዙ ቁራጮች ቅጣይ ነውና ተፈትቶ ለየቀራጩ ይከፋፈላል፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ተራራውን፣ አንዱ የሰውን ፊት ይቀርጻል። ኢትዮጵያን በሕልማቸውም ያላዩ ሰዎች በመብራት ተቀምጠው ፊታችንን ፈለፈሉት። የኦቴሎን ፊት የፈለፈለው ሙያ የሐበሻንም ፊት ፈለፈለ። በኦቴሎ ጉንጭ ላይ ያለው የተሻገረ መስመርና በመቅደላው አርበኛ ጉንጭ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ቢሆን አይደንቅም፤ የአንድ ከተማ የእጅ ልማድ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ፣ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ የሬሳቸውን ፊት ነደፈ። (ይኸው ሆምስ «ኩርዐተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል ወስዶ ለዓመታት ደብቆ የያዘ ነው።) ሌላው ሁሉ መንገደኛ ያየውና ለንደንና ፓሪስ ያሳመረው ነው። አሁን የመጻሕፍት መደርደሪያችሁን ተመልከቱ። ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈ ተውኔት፣ ልብ ወለድ፣ ታሪክ ሽፋኑ ላይ ምን አለ? ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ፤ ዳርቻው ተቆርጦ፣ በኮምፒዩተር ቀለም ተቀብቶ። «የሽፋን ሥዕል» በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒዩተሩን የነካው ልጅ ስም ይገባበታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴዎድሮስን ለመድረክ ጻፈው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፈው። ሁለት ጸሐፌ ተውኔት ሁለት የተለያየ ቴዎድሮስ አይተዋል። የሽፋኑ ቴዎድሮስ ግን ያው የለንደኑ እንጨት ነው።

ይህን ሳነሳ «አንተ ደግሞ የውጭ ነገር ሁሉ ይቅር ልትል ነው» የሚሉኝ አሉ። ጎንደር ዙሪያ ቆሜ እንዲህ ብል ጎንደር ራሷ ትታዘበኛለች። የጎንደር ሠዓሊዎች የውጭ መጽሐፍ ሥዕል ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1590ና በ1591 ሮም ከተማ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት የዐረብኛ ወንጌል አተመ፤ ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነበር። ያ መጽሐፍ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የብራና ሠዓሊዎቻችን የወንጌሉን ትዕይንቶች አቀማመጥ ከእሱ ወሰዱ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ እጆቿን አነባብራ የምትታይበት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናውቀው ሥዕልም ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ቅጂ የመጣ ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን ምን አደረጉት? የሮማውን ጥቁርና ነጭ ህትመት ተቀብለው ቀይና ቢጫ አለበሱት። የቴምፔስታን ጥላና ርቀት ጣሉት፤ አላስፈለጋቸውም። ሰዎቹን የጎንደር ልብስ አለበሷቸው፤ ወታደሩን የሚያውቁትን መሣሪያ አስታጠቁት፤ ዓይኑን አጎሉት። ከሁሉ በላይ ግን ያለ ቃል አልተዉትም። ከሥዕሉ ራስ ላይ ወይም ጎን «ዘከመ» ብለው በግዕዝ ጀምረው ምን እየሆነ እንዳለ ጻፉ፤ የቅዱሱን ስም ከራሱ አጠገብ አሰፈሩ፤ ያሣለው ሰው ስም እንዲጸለይለት ተጻፈ። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ያገኛቸዋል። ማን እንዳሠራው ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ሥዕልን ከቃሉ መቁረጥ እኛ ዘንድ ባህል ሆኖ አያውቅም። የእኛ ሥዕል ሁልጊዜ ሲነበብ የኖረ ነው። መቀሱ ነው መጤው።

ይህ መቀስ የራሳችንንም እየቆረጠ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ከቤታቸው ወጥተው ስንት ነገር ላይ ታትመዋል! ቲሸርት ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አይቻቸዋለሁ። ጣሪያው ላይ ሆነው ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚመለከቱት ምእመኑን ከላይ ሆነው ለማየት ነው። አንዱ መልአክ ብቻውን ተቆርጦ የስኒ መቀመጫ ሲሆን ምንን ያያል? ቡናውን?

ስለ ሕግም ይነሳብኛል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ለደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሻሴሪዮ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1856፣ ጊልበርት በ1897 ነው። ሥዕሎቻቸው የሁላችንም ናቸው፤ ማንም ሊያትማቸው ይችላል። መልካም! ግን አንድ ነገር የሁላችን ሲሆን የባለቤቱ ስም ይፋቃል ማለት ነውን? ግዕዙ መጽሐፍም የሁላችን ነው። ሆኖም «ነገረ ማርያም»ን አንስቶ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ቀዶ የሚሸጥ ቢገኝ «ጉድ በል ጎንደር» ነበር የምንለው።

«ፈረንጅ እንግዳ ይወደዋል» የሚለውን መልስ የሰማሁት ከዚያው ከኮሶዬው ባለቤት ነው። ፈረንጁ ኮሶዬ ድረስ የመጣው የአገሩን የአሮጌ መጽሐፍ ሥዕል ለማየት አይመስለኝም፤ ያን ካለ በአገሩ ቤተ መጻሕፍት ስሙ ሳይቆረጥ ያየዋል። ያን ሰሞን እዚያ ያደሩት ሁለት የውጭ አገር እንግዶችም ጀርባቸውን ለኦቴሎ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ነበር ሲበሉ የነበረው።

ሌላም በደል አለ፤ ይህኛው ከነጋዴው ይልቅ ወደ አሳታሚዎቻችን የሚያነጣጥር ነው። የተውኔት መጽሐፍ ስንት አሳትመናል? ከእነዚያ ውስጥ ሥዕል ያለው ስንቱ ነው? ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ሰጥቶናል፤ ጸጋዬ «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ን አማርኛ አናግሯቸዋል፤ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን በ1961 ዓ.ም. ጽፎልናል። ተማሪ ሆኜ ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ የገዛኋቸው የተውኔት መጻሕፍት ከሽፋን እስከ ሽፋን ፊደል ናቸው። የመድረኩ አቀማመጥ የለ፣ የልብሱ ንድፍ የለ፣ የአንዲት ትዕይንት ሥዕል የለ። ገጸ ባሕርያቱን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ ነው። በዓይነ ኅሊና ስንስል ደግሞ ኅሊናችን ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠው የለንደኑ እንጨት ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ ስንት ሠዓሊ ተመርቋል! ከእነዚህ አንዱን ጠርቶ «ይህን ተውኔት አንብብና አሥር ሥዕል ሥራልኝ» ያለ አሳታሚ ካለ እጁን ያውጣ፤ በሚቀጥለው እትም አመሰግነዋለሁ። ለፍሬም የሚከፈለው ገንዘብ ለንድፍ ቢከፈል ይበቃ ነበር።

አንድ ወጣት ሠዓሊ ይህን ሁሉ ሰምቶኝ «እሺ፣ ኦቴሎን እንሣል ብንል ከየት እንጀምራለን? ከፊቱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ይቆይ። ከመሐረቡ ይጀመር። የአውሮፓ አንባቢ መሐረቡን የወይዛዝርት መሐረብ አድርጎ ስለሚያየው አዛውንቱ «በመሐረብ?» ብለው እንዳልተዋጠላቸው ለእሱም አይዋጥለትም። ተውኔቱ ላይ ግን ኦቴሎ የሚናገረው ሌላ ነው፦ መሐረቡን ለእናቱ የሰጠቻት አንዲት ግብፃዊት አዋቂ ናት፤ ድሩ ውስጥ አስማት አለበት፤ እጇ ላይ እስካለ ባሏ ይወዳታል፣ ከጠፋ ፍቅሩ አብሮ ይጠፋል። ይህ በእኛ አገር መሐረብ አይባልም፤ ክታብ ነው! ደብተራው በባለቤቷ ቁመት ልክ ለክቶ፣ በብራና ላይ ጽፎ፣ በየመካከሉ የሚያፈጥ ዓይንና የመልአክ ሥዕል አግብቶ፣ ጠቅልሎ በቆዳ ሰፍቶ አንገት ላይ የሚያስርላት ነገር። ክታቧን የጣለች ሴት ባሏ ቢንቀጠቀጥ የሚገረም ጎንደሬ አላውቅም። እንግዲህ ሠዓሊው ይህን ይያዝ። ዴዝዴሞና ተኝታለች፤ አልጋው የጎንደር አልጋ ነው፤ ኦቴሎ ጥቁር ነው፤ መብራቱ ኩራዝ ነው። ክታቡ ተተርትሮ ከአልጋው እስከ ደጃፉ ተዘርግቷል፤ ጫፉን በር ላይ የቆመው ኢያጎ ረግጦታል፤ በብራናው ላይ ያሉት ዓይኖች ሁሉ ወደ ኢያጎ ያያሉ፣ ኦቴሎ ብቻ አያየውም። ከሥሩ «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና ከጸጋዬ ትርጉም የዚያን ትዕይንት ስንኝ ያስገባ፤ በስተግራ ጥግ የራሱን ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን።